እስክሪብቶ ያነሳ ጤነኛ ነው

ሰበታ ውስጥ በአንድ የክር ፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሰው የምመረምረው በእስክሪብቶ ነበር። እውነቴን ነው፣ አትሳቁ። ወገቤን ቆረጠኝ፣ ጀርባዬን ወጋኝ የሚል ሠራተኛ ሲመጣ ከጠረጴዛዬ ፊት አቆመዋለሁ። ስሙን መዝገብ ላይ መጻፍ እጀምርና መሃል ላይ እስክሪብቶዬ ከእጄ አምልጣ ትወድቃለች። ጎንበስ ብሎ ካነሳልኝ ወገቡ ደህና ነው፤ "ወደ ሥራህ!" እለዋለሁ። ካላነሳልኝ የአንድ ቀን የሕመም ፈቃድ እጽፍለታለሁ። ዘዴውን ያወረሰኝ ከእኔ በፊት እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ ጡረተኛ የጤና ረዳት ነው። ሥራ ሲያስረክበኝ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን፣ ቀጥሎ የደም ግፊት መለኪያውን፣ በመጨረሻ እስክሪብቶውን አሳየኝ።

የምርት ኃላፊው በጣም ወደደልኝ። "ሲስተር፣ አንቺ ከመጣሽ ወዲህ እኮ በሽታ ጠፋ!" ይለኛል፤ እኔም ጥርሴ እስኪታይ እስቃለሁ። በዚያን ጊዜ ከምንም በላይ የምፈራው መታለልን ነበር። አንዷ አለቃቅሳ ፈቃድ ከወሰደችብኝ ቀኑን ሙሉ ያንገበግበኛል። እንዴት እኔን! እያልኩ ምሳዬን እንኳ በወጉ አልበላም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። በእኛ አገር የታላቅ ሰው ዕቃ ሲወድቅ ማን ቆሞ ያያል? በወግ ያደገ ልጅ ወገቡ ቢሰበርም መጀመሪያ ያነሳል፣ ሕመሙ ትዝ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። የእኔ እስክሪብቶ ስትለይ የኖረችው በሽተኛውን ከጤነኛው ሳይሆን ጨዋውን ከስድ አደጉ ነበር። ብልጦቹ ወሬውን ሰምተዋል። እስክሪብቶዋ ስትወድቅ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ይቆማሉ፣ ፈቃዳቸውን ተቀብለው በር ላይ ሲደርሱ ይሳሳቃሉ። ጨዋዎቹን ደግሞ እኔ እያሳደድኩ ወደ ማሽን እመልሳቸዋለሁ። ይሄ ለዓመታት ሲሆን አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም።

ከእነዚያ ጨዋዎች አንዷ የፈትል ክፍል ልጅ ነበረች። ከደቡብ የመጣች፣ ጴንጤ፣ ቢበዛ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግሯ ቀስ ያለ። የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ እንደ ሌሎቹ አላለቀሰችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ሲስተር፣ ፈቃድ አልፈልግም" አለችኝ። "ቁጭ ተብሎ የሚሠራበት፣ ማሸጊያ ክፍል እንዲያዛውሩኝ አንድ ወረቀት ብቻ ይጻፉልኝ። መሥራቱን እሠራለሁ። መቆሙ ነው ያቃተኝ።"

"መቼ ጀመረሽ?" ማለት የአባት ነው። ትምህርት ቤትም የተማርኩት እሱን ነው። እኔ ግን እስክሪብቶዬን ጣልኩ።

እስክሪብቶዋ ተንከባላ ከጠረጴዛው እግር ሥር ገባች። ልጅቷ ጎንበስ አለች፣ አነሳች፣ በሁለት እጇ አቀበለችኝ። እኔ የማየው እጇን ነበር። እስክሪብቶዋ እጇ ላይ ስትደርስ ልቤ ጮቤ ረገጠ፣ ያዝኩሽ አልኩ በሆዴ። መዝገቡ ላይ "ጤነኛ" ብዬ ጻፍኩና፣ "ማሸጊያ ክፍል ሁሉም ሰው መቀመጥ ይፈልጋል እህቴ፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ" አልኳት። "ጌታ ይባርክዎት" ብላ ወጣች። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በየሳምንቱ መምጣት ጀመረች። ሁልጊዜ ያችኑ አንዲት ወረቀት ነው የምትለምነኝ፤ እኔም ሁልጊዜ እስክሪብቶዬን እጥላለሁ፣ ታነሳልኛለች። በራሷ ወጪ ራጅ ተነስታ ፊልሙን በፌስታል ይዛ መጣች፤ አጥንቷ ንጹሕ ነው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቼ እያየሁ፣ "ይኸው! ከእኔ ወገብ ይሻላል" አልኳት። ፊቷ ጨለመ። ሌላ ሰው በራጅ ምንም ካልተገኘበት ደስ ይለዋል፣ እሷ ግን የሆነ ስንጥቅ ቢገኝላት ምን ያህል ትወድ እንደነበር ያን ቀን አየሁ። እኔም ይሄንን የውሸቷ ማስረጃ አደረግኩት።

የፋብሪካው ዘበኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ኦቦ ነው የምንላቸው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ በኦሮምኛ "አካም ቡልቴ ሲስተር?" እንዴት አደርሽ ይሉኛል፣ "ነጋ"፣ ደህና ብዬ አልፋለሁ። ፋብሪካው የቆመበት መሬት ድሮ የእሳቸው እርሻ ነበር። "ያ መርፌ የምትወጊበት ክፍል ጤፌ ነበር" ይሉኝ ነበር እየሳቁ። አንድ ቀን ለጉልበታቸው የሚቀባ ነገር ሊጠይቁኝ መጡ። መቼ እንደጀመራቸው እሳቸው ራሳቸው ነገሩኝ፦ አጥሩ የታጠረ ክረምት። እኔም፣ "ኦቦ፣ አጥር ደግሞ ጉልበት ያማል እንዴ?" ብዬ ሳቅኩባቸው። እሳቸውም አብረውኝ ሳቁና ቅባቱን ሳይቀበሉኝ ወጡ።

በዚያው ሰሞን ለፋብሪካ ነርሶች የአንድ ቀን ሥልጠና ተብሎ ቡራዩ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። ርዕሱ ስለማይለቅ ሕመም ነበር። አሰልጣኙ ጠዋት የተናገረው ነገር በጆሮዬ ውስጥ እንደ ደወል ገባ። ሕመም የሚሠራው አእምሮ ውስጥ ነው አለ። የሥጋ ጉዳት ሳይኖር ሕመም ሊኖር ይችላል፣ ጉዳቱ ከዳነም በኋላ ሊቆይ ይችላል አለ። እሰይ! አልኩ እኔ። ስንት ዓመት ስለው የኖርኩትን ምሁር አረጋገጠልኝ። በሻይ ሰዓት ከበው ላስቀመጡኝ ሰዎች የእስክሪብቶዬን ነገር አወራሁላቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብዝተው የሳቁት አንድ ሽበታም ሐኪም ነበሩ፤ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ "ይቺን እኔም እወስዳታለሁ" አሉ።

የከሰዓቱን አልሰማሁትም። በምሳ ሰዓት ስልክ በስልክ ሆነ። የማስተር ፕላኑ ነገር ነው። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ የዙሪያው ገበሬ መሬት ሊሄድ ነው ተብሎ የአካባቢው ወጣቶች ተቆጥተው መንገድ ሊዘጉ ነው አሉ። ሱሉልታ በኩል ተዘግቷል የሚልም ነበር፣ ውሸት ነው የሚልም ነበር። እኔ ምሳዬን እንኳ ሳልጨርስ ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና ሰበታ ገባሁ። የምስክር ወረቀቱ ግን ከሰዓቱንም እንደተማርኩ ተደርጎ ቢሮዬ ድረስ መጣልኝ፤ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ ስትመጣ ያንን ወረቀት በጣቴ አሳየኋት። "ስሚ፣ ስለዚህ ነገር ሠልጥኛለሁ። ወገብሽ ምንም አልሆነም። ሕመምሽ ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው" አልኳት።

ልጅቷ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች። አልተቆጣችም። "ታዲያ ከጭንቅላቴ ውስጥ እንዴት ነው የሚወጣው ሲስተር?" አለችኝ።

እውነተኛ ጥያቄ ነበር፣ ልትማር ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ አላውቀውም፤ መልሱ ከሰዓት ነበር። አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝና፣ "ሥራ በመሥራት!" አልኳት። አመስግናኝ ወደ ማሽኗ ሄደች።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከቀትር በኋላ ነው። የጅማ መንገድ ላይ ጎማ ይነዳል፣ ጩኸቱ ክሊኒኩ ድረስ ይሰማል። ከማዶ ከአንድ ግቢ ጥቁር ጭስ ሲወጣ ያየ ሰው "መጡ!" ብሎ ጮኸ። ማሽኖቹ ቆሙ። ሠራተኛው ሁሉ ወደ ኋላ በር ይሮጣል፤ የሚወድቀው ይወድቃል፣ ነጠላ ጫማው ቀርቶ ባዶ እግሩን የሚሄደው ይሄዳል። እኔ አልሮጥኩም። መርፌ ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁት። ቁልፉ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ይሠራ ብዬ ደብዳቤ ጽፌ ማንም አልሠራውም። ስለዚህ ቀኝ ትከሻዬን በሩ ላይ አድርጌ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት።

ትንሽ ቆይቶ ተንኳኳ።

"ሲስተር፣ እኔ ነኝ። መሮጥ አቃተኝ። ያስገቡኝ።"

ድምጿን አወቅኩት። ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስትጠብቅ ነበር፣ ያችኑ ወረቀቷን ፈልጋ። ከከፈትኩ አብረዋት ቢገቡስ? ማን እንደሚገባ እንኳ አላውቅም፣ ብቻ ፈራሁ። "ሲስተር፣ እባክዎት" አለች። ትከሻዬን የባሰ አደነደንኩት። በሩ ሲነቃነቅ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል። ሦስተኛ ጊዜ አንኳኳች፣ ከዚያ ተወችው። እኔ ግን በሩን አልለቀቅኩትም። ምን ያህል ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። የለቀቅኩት ኦቦ ከውጭ "ሲስተር፣ ማንም የለም፣ ውጪ" ሲሉኝ ነው።

ማንም አልገባም ነበር። ወጣቶቹ ዋናው በር ላይ ድንጋይ ወርውረዋል፤ ኦቦ ወጥተው በኦሮምኛ አነጋግረው መለሷቸው። ልጅቷን ያገኟት ኮሪደሩ ወለል ላይ ተጠቅልላ ነው አሉኝ። በጀርባቸው አዝለው እስከ መንገድ አወጧት፤ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት። "በርሽ ላይ ወድቃ አልሰማሻትም አንቺ?" አሉኝ። አልሰማሁም አልኳቸው። ዓይኔን አዩኝና ሌላ ነገር ሳይጠይቁኝ ሄዱ።

ፋብሪካው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተከፈተ። ልጅቷ አልመጣችም፤ ከአልጋ መውረድ አቅቷታል ብላ በጓደኛዋ በኩል ላከች። አስተዳደሩ የቀሩትን ስም ዝርዝር ላከልኝና በሽተኛና ጤነኛ እያልኩ ምልክት እንዳደርግ ጠየቀኝ። በሽተኛ ካልኳት ሥራዋ ይጠበቅላታል፣ ጤነኛ ካልኳት ትባረራለች። ስሟ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አሁን የምነግራችሁ ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነው። ውሸቷ ነው ብዬ አልነበረም። በዚያን ሰዓት መታመሟን ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ብትመለስ ግን ስለ በሩ ታወራብኛለች። "ጤነኛ" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።

ትከሻዬ ከሁከቱ ቀን ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ይለኝ ነበር። ከፊርማዬ በኋላ ግን ያዘኝ። እጄን ከደረቴ በላይ ማንሳት አልችልም፣ ፀጉሬን መሠራት አልችልም፣ ጡት መያዣዬን ጎረቤቴ ናት የምታስርልኝ። ማስታገሻ ዲክሎፌናክ ተወጋሁ፣ ቅባት ቀባሁ፣ ወጌሻ አሸኝ፣ ጠበል ተጠመቅኩ። ራጅ ተነሳሁ። ንጹሕ! እኔም ፊልሙን ይዤ አንዲት ስንጥቅ ስለምን ራሴን አገኘሁት። የሆነ ነገር ተሰብሮ በተገኘልኝ።

ወራት አለፉ። መጨረሻ ላይ ቡራዩ ያገኘኋቸው ሽበታሙ ሐኪም ትዝ አሉኝና አዲስ አበባ ክሊኒካቸው ሄድኩ። አላወቁኝም። ሕመሜን ስዘረዝር ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጽፋሉ። አዎ፣ ገምታችኋል። እስክሪብቷቸው ወደቀች፣ ተንከባላ ጠረጴዛው ሥር ገባች። እኔ ያንን ዘዴ ሰው የማስተምር ሴት፣ ሽበታቸውን እያየሁ እንዴት ብዬ ልቀመጥ? ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ጎንበስ አለ። በዚያችው በምታመኝ እጄ ተንጠራርቼ አነሳሁላቸው። ዓይኔ ላይ ብርሃን ብልጭ አለ ከሕመሙ የተነሳ፤ ጥርሴን ነክሼ አቀበልኳቸው። እሳቸው በፈገግታ፣ "አየሽ፣ ምንም አልሆንሽም! ጤነኛ ነሽ" አሉኝ። ደረጃውን እስክወርድ ድረስ አልቅሼ አላውቅም ነበር በሰው ፊት፤ እዚያ ግን የሕንፃው ዘበኛ እያየኝ ተንሰቀሰቅኩ። ማንም ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም።

ኦቦ ናቸው መላ የነገሩኝ። "እዚሁ ሰበታ አንድ ሰው አለ፣ ዓይነ ስውር ነው፣ ለጉልበቴ እሱ ጋ ነው የምሄደው" አሉኝ። ሰውየው ልጅ ሆኖ እዚሁ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማረ ነው፤ ከዚያ ማሸት፣ ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒ ተምሮ አንድ ትንሽ ክፍል ከፍቷል። ሄድኩና ፊልሜን ዘረጋሁለት። ልማድ ነው። እሱም ሳቀና፣ "እሱን ቦርሳሽ ውስጥ መልሺው። እኔ ማየት ስለማልችል አንቺኑ ልጠይቅሽ፤ መቼ ጀመረሽ?" አለኝ።

ማንም እንደዚያ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ማንንም እንደዚያ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

"በሁከቱ ቀን" አልኩት። "ምን ስታደርጊ?" "ተደብቄ።" እጁን ትከሻዬ አጥንት ላይ አሳርፎ ወደ ግድግዳው አዞረኝና፣ "በቀኝ እጅሽ ግድግዳውን ግፊው፣ ቀስ ብለሽ" አለኝ። ገና መዳፌ ግድግዳውን ሲነካ ሰውነቴ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላብ አጠመቀኝ። እሱ እጁን ሳያነሳ፣ "ግድግዳው ምንም አያደርግሽም። ማንን ነው የምትገፊው?" አለኝ።

ነገርኩት። በሩን፣ ድምጿን፣ ፊርማዬን፣ ሁሉንም። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። የሚያጽናና ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እግዜር ይቅር ይልሻል፣ ፈርተሽ ነው፣ የሆነ ነገር። ስጨርስ ግን፣ "እሺ። አሁን አሥር ጊዜ ግፊ" አለኝ።

ያመለጠኝን የከሰዓቱን ትምህርት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የተማርኩት። ሕመሜ እውነተኛ ነው አለኝ፣ አእምሮ ውስጥ ይሠራል ማለት ውሸት ነው ማለት አይደለም። አካልሽ አንድ ቀን የፈራውን እስካሁን እየጠበቀ ነው፣ በሩን አልለቀቀውም፤ አደጋው ማለፉን በአፍ ብቻ ብትነግሪው አይሰማሽም፣ ቀስ እያልሽ አሳዪው አለኝ። መተንፈስ አስተማረኝ። አንድ ቀን አሥር ጊዜ፣ ሌላ ቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ገፋሁ። ተአምር አልነበረም፤ የሚብስብኝ ሳምንት ነበር፣ ሰውየውን የምሰድብበት ቀን ነበር። ከአራት ወር በኋላ ግን አንድ ጠዋት ሳላስበው ፀጉሬን ራሴ አስሬ አገኘሁት።

ያን ዕለት ቢሮ ገብቼ የድሮውን መዝገብ አወጣሁ። መቼ ጀመረሽ ያላልኳትን ልጅ ልጠይቃት ፈለግኩ፣ መልሱ ደግሞ በገዛ እጄ ጽሑፍ ተጽፎ ጠበቀኝ። አንድ ማክሰኞ ከጎኗ የምትሠራ ልጅ ጣቶቿን ማሽን በልቷቸው ነበር፤ ደሟን ያቆምኩት እኔ ነኝ። የምርት ኃላፊው ማሽን እንዳይቆም ብሎ ሌሎቹ ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ አዝዞ ነበር። እሷ የጓደኛዋ ደም እግሯ ሥር እያለ ፈረቃው እስኪያልቅ ደርቃ ቆማለች። ወገቤን ብላ ወደ እኔ የመጣችው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። በሁለቱ መሃል ሌሎች ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው የተመዘገቡት። ገጹን እንኳ መግለጥ አያስፈልግም ነበር።

ወረቀቱን ጻፍኩ። ለረጅም ጊዜ መቆም ስለማትችል ተቀምጣ እንድትሠራ፣ በስህተት ጤነኛ ተብላ እንደተባረረች፣ ስህተቱም የእኔ እንደሆነ። ማኅተም አደረግኩበት። ዋጋ ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ ምናልባት መልሰው ይቀጥሯት ይሆናል ብዬ ነው። ጓደኛዋን ጠየቅኩና ተፍኪ ናት አለችኝ፣ መንገድ ዳር ቆሎ ትሸጣለች። ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ምን እንደምላት ስለማመድ ነበር የሄድኩት።

ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ጥግ ላይ አገኘኋት። ቆሎውን ሰፌድ ላይ ዘርግታ፣ ትንሽ ዱካ ላይ ተቀምጣ። እንዳየችኝ ልትነሳ ሞከረች። "ኧረ ተቀመጪ፣ በሞቴ!" ስላት ቆማለች። "ሲስተር! እንዴት ነዎት? ትንሽ ከስተዋል" አለችና ዱካዋን ለእኔ አስጠጋችልኝ።

"ወገብሽስ?" አልኳት።

"ይመስገን። አለ።"

"ያን ቀን" አልኳት፣ "እኔ... ክሊኒኩ ውስጥ..."

"አውቃለሁ" አለችኝ። ድምጿ እንደ ድሮው ቀስ ያለ ነው። "በሩ ከሥሩ ክፍት አይደል? ጫማዎ ይታየኝ ነበር። ነጩ ጫማዎ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ለኦቦ፣ ለአስተዳደሩ፣ ለሰው?"

"ምን ብዬ ልናገር? ትንፋሽዎ እኮ ይሰማኝ ነበር፣ ቁና ቁና ሲተነፍሱ። ሰው ሲፈራ አካሉ አልታዘዝ ይለዋል። እኔ አውቀዋለሁ፣ እኔንም እንደዚያ ነው የሚያደርገኝ። የሚዋሹ አልመሰለኝም። ስለዚህ ተውኩዎት።"

እኔ በየሳምንቱ በእስክሪብቶ ስመረምራት ያላየሁትን እሷ በተዘጋ በር ሥር አየችው። ይቅር በይኝ በማለት ፈንታ ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁላት። አንድ ሚኒባስ በአጠገባችን ሲያልፍ በነፋሱ ከጣቶቼ አመለጠና መሬት ወደቀ።

"ተይው! እኔ አነሳዋለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ቀድማኝ ጎንበስ ብላለች።

በዚህ ጊዜ ፊቷን አየሁት። መጀመሪያ ትንፋሿን ያዘች። ግራ እጇን ጭኗ ላይ ተከለች። ከንፈሯ ነጣ፣ ዓይኗ ተጨፈነ፣ የአንገቷ ሥር ተገታተረ፣ እንደዚያ ሆና ቀስ እያለች ወረደች። ወረቀቱን ስትይዘው ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። ያን የመጀመሪያውን ቀን እስክሪብቶዬን ስታነሳልኝም እንደዚሁ ሆና እንደነበር ገባኝ፤ በየሳምንቱም እንደዚሁ። ፊቷ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር፣ እኔ ግን እጇን ነበር የማየው።

ቀና ስትል ፈገግ አለችልኝ፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና ወረቀቱን ሳታነበው፣ እንደዚያች እስክሪብቶ በሁለት እጇ መልሳ አቀበለችኝ።